በዘመናዊ መኪና ስለሚታየው የነዳጅ መስጫ መዘግየትና ስለሚሸጥለት መድኃኒት

መግቢያ

በጠባብ የአገር ቤት መንገድ ላይ ከከባድ የጭነት መኪና ኋላ ሲያዘግም የቆየ ነጂ፣ ፊት ለፊቱ ባዶ መሆኑን አይቶ ለመቅደም ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ፣ መኪናው ወዲያው እንዲታዘዝለት ይጠብቃል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆንም። እግሩ ወርዷል፤ መኪናው ግን ገና እንደ ነበረ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያም በኋላ መኪናው ይፈተለካል። ይህ ጊዜ በሰዓት ሲለካ እጅግ ትንሽ ነው፤ በመንገድ ሲለካ ግን ትንሽ አይደለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት ለፊት የሚመጣውም በዚያው ፍጥነት የሚመጣ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየሰከንዱ 44 ሜትር ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ነጂው በልቡ ለክቶ «ይበቃኛል» ካለው መንገድ ላይ ይህን ያህል የሚወስድበት ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ዐይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። የመጀመሪያው የነጂዎች ነው፤ የድሮ መኪና እግርን ያዳምጥ ነበር፣ የዛሬው ግን ኮምፒዩተር ገብቶበት ሰንፏል ይላሉ። ሁለተኛው የመለዋወጫ ሻጮች ነው፤ በሽታው ቀላል ነው፣ በነዳጅ መስጫው ላይ የምትገጠም አንዲት ትንሽ ሳጥን ብትገዙ መዘግየቱ ይጠፋል ይላሉ። ሦስተኛው የመኪና ሠሪዎችና የመሐንዲሶቻቸው ነው፤ የተደረገው ሁሉ ለነጂው ደኅንነት፣ ለነዳጅ ቁጠባና ለአየር ንጽሕና ነው ይላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም በየተራ ለመመርመር አስበናል። ሐሳባችንን ከመጀመሪያው ለመግለጽ ያህል፣ ሦስቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው እንላለን፤ ይኸውም ብዙ የተለያዩ ነገሮችን «መዘግየት» በሚል አንድ ስም መጥራታቸው ነው። ከነዚህ ነገሮች አንዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ አንዱ የሠሪው ውሳኔ ነው፤ አንዱ ደግሞ የባለቤቱ ቸልተኝነት ነው። የተፈጥሮን ሕግ ማወቅና መጠንቀቅ እንጂ በገንዘብ ማስቀረት አይቻልም፤ የሠሪውን ውሳኔ መተቸት ይቻላል፤ ቸልተኝነትን ግን በአንድ ቀን ሥራ ማረም ይቻላል። ሦስቱን ሳይለይ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ሕመሙን ሳያውቅ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው ነው።

ከብረት ገመድ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ

መንዳት የጀመርነው በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ እህልና ውኃ ያመላልስ በነበረ አሮጌ ላንድሮቨር ነው። የዚያን መኪና ነዳጅ መስጫ ስንረግጥ በእግራችንና በሞተሩ መካከል የነበረው ብረት ብቻ ነበር። እግር በአንድ ጣት ያህል ሲወርድ ብረቱም በዚያው ልክ ይሳባል፤ እግር ሲነሣ በጠንካራ ሞላ ተስቦ ይመለሳል። በኋላ የመጡ መኪናዎችም በዘንጉ ፈንታ በሽፋን ውስጥ የሚሄድ የብረት ገመድ ይዘው መጡ እንጂ አሠራሩ ያው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። በአፍ ልማድ «ነዳጅ መስጫ» እንበለው እንጂ፣ በቤንዚን ሞተር ላይ እግር የሚከፍተው የአየሩን መግቢያ ነው። በመግቢያው ቱቦ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ የብረት ክዳን አለ፤ መካኒኮቻችን ስሮትል ይሉታል፤ እኛ ለጽሑፋችን እንዲመች የአየር በር ብለን እንጠራዋለን። በሩ ሲከፈት አየር ይገባል፤ ቤንዚኑም በገባው አየር መጠን ተለክቶ ይጨመራል።

አሁን ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ባወጣው ባለ 12 ሲሊንደር 750 መኪና ላይ የብረቱን ገመድ አስቀርቶ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተክቶታል። ከ2000 ወዲህም ይህ አሠራር በውድ መኪናዎች ላይ ብቻ ሳይወሰን በተራ መኪናዎች ላይ ሁሉ እየተስፋፋ ሄደ። በነዳጅ መስጫው ሥር ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ እግሩ ምን ያህል እንደ ወረደ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የኤሌክትሪክ መጠን ለሞተሩ ኮምፒዩተር ይነግራሉ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ስሕተት አለ ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ከተስማሙ ግን ነጂው ምን ያህል የማዞር ኀይል እንደሚፈልግ ያሰላል፤ ከዚያም በአየር በሩ ላይ የተገጠመውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በሩን እንዲከፍት ያዘዋል። የበሩንም አከፋፈት የሚመሰክሩ ሌሎች ሁለት ሴንሰሮች አሉ።

በላንድሮቨሩ እግር ያዝዝ ነበር፤ በዛሬው መኪና እግር ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄውን ተቀብሎ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ኮምፒዩተሩም የሚወስነው ሠሪዎቹ አስቀድመው በጻፉለት ስሌት ነው። ነጂዎች «ኮምፒዩተር ገባበት» ሲሉ ይህን መንካታቸው ነውና በዚህ በኩል አልተሳሳቱም። የሚሳሳቱት የሚሰማቸውን መዘግየት ሁሉ በዚህ በአንዱ ላይ መጫናቸው ላይ ነው።

የተፈጥሮ ድርሻ

የአየር በሩ ከተዘጋበት እስከ መጨረሻው ለመከፈት ኮምፒዩተሩ በፍጥነት ካዘዘው የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው። ይህ በራሱ ነጂውን የሚያማርር አይደለም። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን በመግቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው ባዶነት በአየር መሞላት አለበት፤ አየሩም ወደ ሲሊንደር ገብቶ፣ ታምቆ፣ ተቃጥሎ ፒስተኑን መግፋት አለበት። አራት ምት ያለው ሞተር አንዱን ዙር ሥራ የሚፈጽመው ሁለት ጊዜ ሲሽከረከር ነው። በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ይህ 0.12 ሰከንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ግን 0.04 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የተጠየቀው ኀይል ዘግይቶ መምጣቱ የማንም ስንፍና አይደለም፤ በገመድ የሚሳበውም ላንድሮቨር ከዚህ ሕግ አያመልጥም ነበር።

ቱርቦ ባለው ሞተር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ቱርቦው የሚዞረው በሞተሩ ጭስ ግፊት ነው፤ ብዙ ጭስ እንዲመጣ አስቀድሞ ብዙ አየርና ነዳጅ መቃጠል አለበት፤ ብዙ አየር እንዲገባ ደግሞ አስቀድሞ ቱርቦው መዞር አለበት። ይህ ክብ እስኪጀመር ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ሳለ አንድ ሰከንድ ሊደርስ፣ ሊበልጥም ይችላል።

ለእኛ አገር ደግሞ ከፍታን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ወደ አገራችን የሚገቡት መኪናዎች አብዛኞቹ ከመርከብ የሚወርዱት ጅቡቲ ላይ፣ በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህም ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትለትም የሚያገኘው አየር ያንኑ ያህል ስለሚያንስ፣ ከሙሉ ጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ነጂው ግማሽ ብቻ በሚረግጥበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ የአየር በሩን ትንሽ ጨምሮ በመክፈት ይህን ጉድለት ሊሸፍንለት ይችላል፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ ጉድለቱ ላይሰማው ይችላል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን ወይም ከዐባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ሲያቀና፣ በሩ አስቀድሞ ስለ ተከፈተ ከዚያ በላይ የሚጨመር የለም። ነጂውም የቀረውን የእግር ርቀት ሲረግጥ ምንም ለውጥ ስለማያይ «ዘገየ» ይላል። ይህ ግን መዘግየት አይደለም፤ ማነስ ነው። የሚዘገይ ኀይል ቆይቶ ይመጣል፤ የሌለ ኀይል ግን ቢጠብቁትም አይመጣም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ነጂ የሚመጣ መስሎት ለመቅደም ከመስመሩ ሊወጣ ይችላልና፣ ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም።

የሠሪው ውሳኔ

አሁን ወደ ውሳኔው እንሻገር። ሠሪዎቹ በሦስት ቦታ ላይ ይወስናሉ።

በመጀመሪያ ለእግሩ አወራረድ የሚሰጠውን መልስ ይወስናሉ። እግር ግማሽ ሲወርድ ሞተሩ ግማሽ ኀይሉን ይስጥ የሚል ሕግ የለም። ሠሪው ቢፈልግ በሩብ እርግጫ ግማሹን ይሰጣል፤ መኪናውም ጉልበተኛ ይመስላል። ቢፈልግም በግማሽ እርግጫ ሩቡን ይሰጣል፤ መኪናውም ቆጣቢና ጭምት ይሆናል። ኢኮ የሚል ምልክት ያለበት ቁልፍ ባላቸው መኪናዎች ላይ ቁልፉን መጫን በአመዛኙ ይህን ስሌት መለወጥ ነው፤ ሞተሩ ያው ሞተር ነው።

ሁለተኛ፣ መልሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጥ ይወስናሉ። ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ ባሉት ማርሾችና ዘንጎች መካከል ጥቂት ክፍተት አለ። ኀይሉ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ፣ የላላ ገመድ በድንገት ሲጎተት እንደሚነጥረው ሁሉ መኪናው ይነጥራል፤ ተሳፋሪዎቹም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይናጣሉ። እንዲህ እንዳይሆን ኮምፒዩተሩ ኀይሉን በመጠኑ አለስልሶ ይለቅቃል። እንደዚሁም በሩ በድንገት ሲከፈት የአየሩና የቤንዚኑ ልክ ለአፍታ ይዛባል፤ ልኩ ሲዛባም የሚወጣው ጭስ ይከፋል። ማለስለሱ ለዚህም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ በአውቶማቲክ መኪና ላይ ካምቢዮው መቼና እንዴት ማርሽ እንደሚለውጥ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ ትልቁ መዘግየት የሚገኘው እዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ካምቢዮው ሁልጊዜ ከባዱን ማርሽ ይዞ መጓዝ ይመርጣል። ነጂው በድንገት ሲረግጥ በመጀመሪያ እውነተኛ ፍላጎት መሆኑን ያጣራል፤ ከዚያ ማርሹን ይፈታል፤ ዝቅ ያለውን ያስገባል፤ ሞተሩም ወደ አዲሱ ዙር እስኪደርስ ይጠብቃል። በከተማችን በብዛት ከሚታዩት ከቪትዝና እነሱን ከመሰሉ ትንንሽ የጃፓን መኪናዎች መካከል በርካታዎቹ ደግሞ በማርሽ ፈንታ በሁለት ተንቀሳቃሽ ፑሊዎችና በብረት ቀበቶ የሚሠራ፣ ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አላቸው። በዚህ ዐይነቱ ሞተሩ ቀድሞ ይጮኻል፤ መኪናው ቆይቶ ይከተላል። ምክንያቱም ዙሩ ከፍ እስኪል ድረስ ከሞተሩ ኀይል ከፊሉ የሚውለው የሞተሩን የራሱን ክብደት ለማፍጠን ነው።

የአየር በሩ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ እየተከፈተ፣ ካምቢዮው ወይም ቱርቦው የዚያን ብዙ እጥፍ ሲፈጅ፣ ጥፋቱን ሁሉ በነዳጅ መስጫው ላይ መጫን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በረኛውን መክሰስ ይመስላል።

የባለቤቱ ቸልተኝነት

ሦስተኛው ምንጭ ከሁሉ ይልቅ ርካሹ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ከሞተሩ ውስጥ የሚመለሰው የዘይት እንፋሎትና ጥላሸት በአየር በሩ ጠርዝ ላይ እየተጋገረ የበሩን እንቅስቃሴ ያከብደዋል፤ በትንሽ አከፋፈት የሚያልፈውንም አየር ያዛባል። አቧራ በበዛበት መንገድ የሚውል መኪና የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ከቆሸሸ ኮምፒዩተሩ በሐሰተኛ ቍጥር ያሰላል። ያረጁ ካንዴላዎች፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ እየጎተተ የሚይዝ ፍሬን፣ እነዚህ ሁሉ ነጂውን «መኪናው ዘገየብኝ» ያሰኙታል። የእግር ምንጣፍ እንኳ በነዳጅ መስጫው ሥር ተጠቅልሎ እግሩ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ሊያግድ ይችላል። እነዚህን ሳይመረምር ስለ ኮምፒዩተር የሚያወራ ሰው ክርክሩን ከጣሪያው የጀመረ ነው።

ስለ ትንሿ ሳጥን

አሁን ወደሚሸጠው መድኃኒት እንመለስ። ሳጥኗ የምትገጠመው በነዳጅ መስጫው ሴንሰሮችና በሽቦው መካከል ነው። ሴንሰሮቹ የሚናገሩትን ትሰማለች፤ ከፍ አድርጋም ለኮምፒዩተሩ ትነግራለች። ነጂው 30 ከመቶ ሲረግጥ እሷ 50 ከመቶ ረግጧል ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። በአየር በሩ፣ በቱርቦው፣ በካምቢዮው፣ በሞተሩ ዙር ላይ ምንም አትነካም።

አንድ ጓደኛችን እንዲህ ያለችውን ሳጥን ገዝቶ በመኪናው ላይ አስገጠመ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም መኪናው እንደ ታደሰ ይምል ነበር። አብረነው ተሳፍረን ስንመለከት እውነትም ከቆመበት ሲነሣ እየዘለለ ይነሣል። ይሁንና በቀለበት መንገድ ላይ ወጥተን ነዳጅ መስጫውን በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ እንዲረግጥ፣ ከዚያም ሳጥኗን አጥፍቶ ያንኑ እንዲደግም ስንጠይቀው፣ እሱም እኛም ልዩነት ልናገኝ አልቻልንም። ሊኖርም አይችልም፤ ከ100 ከመቶ በላይ የሚነገር ቍጥር የለምና። እንግዲህ ሳጥኗ የምትረዳው ብዙ ኀይል በማያስፈልግበት ጊዜ ነው፤ ለመቅደም በእውነት ኀይል በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን የምትጨምረው ነገር የለም።

ከዚህም ሌላ የምትወስደው ነገር አለ። የእግሩ የመጀመሪያ ግማሽ ሁሉን ሲይዝ የቀረው ግማሽ ባዶ ይሆናል። በዝናብ ቀን በሚያዳልጥ ዳገት ላይ፣ ወይም ሰው በሚተራመስበት የገበያ መንገድ ላይ፣ በጥቂቱ መጨመር የሚፈልግ ነጂ በጥቂቱ መጨመር ያቅተዋል። ጓደኛችንም ከአንድ ወር በኋላ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ከፊቱ ወዳለው መኪና ሁለት ጊዜ ያህል ሊጋጭ ከደረሰ በኋላ የሳጥኗን መጠን ወደ ዝቅተኛው አወረደው፤ ይኸውም ሳይገዛት ወደ ነበረበት መመለሱ ነው።

ፍርዳችን ግን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንመሰክርላታለን። የነጂው ቅሬታ ሠሪው በመረጠው ጭምት ስሌት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሳጥኗ ያን ስሌት ትገለብጥለታለች፤ ስሜቱም እውነተኛ ነው እንጂ ምትሀት አይደለም። ነገር ግን እግርን ጥቂት ጨምሮ መርገጥም ያንኑ ያደርጋል፤ ለዚያም ዋጋ አይከፈልበትም። ስለዚህ የምንነቅፈው ዕቃውን አይደለም፤ «መዘግየትን ያጠፋል» ተብሎ መሸጡን ነው። እግርን የሚያጋንን ነገር ሞተርን የሚያፋጥን ነው ብሎ መናገር እውነት አይደለም።

ስለ ሠሪዎቹ መከራከሪያ

ሠሪዎቹ «ለደኅንነት ነው» ሲሉ ባዶ ቃል አይናገሩም። መኪናው በሚንሸራተትበት ጊዜ ነጂው እየረገጠም ቢሆን ኮምፒዩተሩ የአየር በሩን መዝጋት መቻሉ ብዙ ሰው ከአደጋ ያተርፋል፤ ይህም በብረት ገመድ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። እንዲሁም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 እና በ2010 ቶዮታ፣ የእግር ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞ ሊያስቀር ስለሚችልና አንዳንድ ነዳጅ መስጫዎች ተጣብቀው ስለሚቀሩ፣ ብዙ ሚሊዮን መኪናዎችን ለማረም ጠርቷል። ሕዝቡ ጥፋቱ የኤሌክትሮኒኩ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ የአሜሪካ መንግሥት የናሳን መሐንዲሶች አስመርምሮ፣ በየካቲት 2011 ለነዚያ መኪናዎች አደገኛ መፈትለክ ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክ ጉድለት እንዳልተገኘ አስታውቋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ በጥቅምት 2013 በኦክላሆማ የተሰየሙ ዳኛ ሰዎች የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ጉድለት አለበት የሚል ምስክርነት ከሰሙ በኋላ በአንድ ካምሪ አደጋ ጉዳይ ቶዮታን ጥፋተኛ አድርገውታል። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ ደኅንነት ጉድለቶቹ ለሕዝብ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ አብረው ሲረገጡ ፍሬኑን የሚያስቀድም አሠራር በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ በእግርና በሞተር መካከል የተቀመጠው ጥንቃቄ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው፤ «አስወግዱልን» ማለት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው፣ ጥንቃቄው በምስጢር ሲያዝ የሚያመጣው ጥርጣሬ ራሱ ጉዳት መሆኑ ነው።

ትችታችንም በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለ ራዲዮው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ መቀመጫው አስተካከል ብዙ ገጽ ይጽፋል፤ እግር ግማሽ ሲወርድ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ካምቢዮው በድንገት ሲጠየቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ በከፍታ ቦታ ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀንስ ግን አይናገርም። ነጂው ስለ ፍሬኑ ርቀት በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይማራል፤ ስለ ነዳጅ መስጫው መዘግየት ግን የሚያስተምረው የለም። ያገለገለ መኪና በሚገዛበት አገር ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ መጽሐፉ ወይ በጃፓንኛ ተጽፏል፣ ወይ ጨርሶ አብሮ አልመጣም። የነዳጅ ፍጆታውም ሆነ የጭሱ ንጽሕና የተለካው በተወሰነ የፈተና አነዳድ ነው እንጂ በእኛ ዳገት አይደለም። ሠሪው ስለ ነጂው የወሰነውን ለነጂው ካልነገረው፣ ደኅንነት ያለው ነገር በመንገድ መካከል እንደ ድንገተኛ ነገር ይደርሳል።

ነጂው ሊያደርገው የሚችለው

መተቸት ብቻውን ለነጂ አይበጀውምና፣ ከላይ ከተናገርነው የሚከተለውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

መጀመሪያ ሊጸዳ የሚገባው ይጽዳ፤ ይኸውም የአየር በሩ፣ የአየር ማጣሪያው፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ነው። የአየር በሩ ከተጸዳ በኋላ በብዙ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ የበሩን መነሻ እንደገና እንዲያውቅ ማድረግ ያስፈልጋልና፣ ይህን የሚያውቅ መካኒክ ይሥራው። የእግር ምንጣፉም ከነዳጅ መስጫው ርቆ በሚገባ ይታሰር።

ሁለተኛ፣ ነጂው ሕመሙን ይለይ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ መኪናው በቆመበት ሳይሆን በዝግታ ሲሄድ፣ እስከ ወለሉ ረግጦ ይመልከት። ሞተሩ ቶሎ ጮኾ መኪናው ከዘገየ ነገሩ የካምቢዮ ነው። ሞተሩ ራሱ ቆይቶ በድንገት ከነቃ የቱርቦ ሊሆን ይችላል። በሙሉ እርግጫ ደኅና ሆኖ በትንሽ እርግጫ ብቻ ሰነፍ ከሆነ የስሌት ነው። በምንም ጊዜ ኀይሉ ካልመጣ የከፍታ ወይም የብልሽት ነው።

ሦስተኛ፣ በሚቀድምበት ጊዜ መኪናውን አስቀድሞ ያዘጋጀው። የኢኮ ቁልፍ ካለ ያጥፋው፤ ዝቅ ያለውን ማርሽ የሚይዝ ኤስ የሚል ምልክት ካለ ገና ከጭነት መኪናው ኋላ በመስመሩ ሳለ ያስገባው። ሞተሩ ዙሩን ከፍ አድርጎ ሲጠብቅ የአየሩም የካምቢዮውም መዘግየት አስቀድሞ ያልፋል። ከዚያም በኋላ ኀይሉ መምጣቱን ሳያረጋግጥ ከመስመሩ አይውጣ።

አራተኛ፣ መኪናውን ለማነቃቃት ብሎ በግራ እግር ፍሬን፣ በቀኝ ነዳጅ መስጫ አብሮ የሚረግጥ ነጂ ልማዱን ይተው። ኮምፒዩተሩ ፍሬኑን አስቀድሞ ኀይሉን ይቀንሳልና፣ ነጂው የፈለገውን ሳይሆን ተቃራኒውን ያገኛል።

መደምደሚያ

አንባቢ «ይህ ሁሉ የቤንዚን ሞተር ጣጣ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ያበቃል» ሊል ይችላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 መጀመሪያ መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፣ ነገሩ በመንገዳችን ላይም የሚታይ ነው። እውነትም ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚሞላ ቱቦ የለም፣ የሚነቃ ቱርቦ የለም፣ የከፍታው አየር ማነስም ሞተሩን አያዳክመውም። የተፈጥሮ ድርሻ የምንለው ከሞላ ጎደል ተወግዷል። ሆኖም እነዚሁ መኪናዎች ራሳቸው አንዱ ቁልፍ ሲጫን ጭምት፣ ሌላው ሲጫን ተወርዋሪ ይሆናሉ። የቀረው እንግዲህ ጥርት ያለው የሠሪው ውሳኔ ነው። በቤንዚን መኪና ላይ ከተፈጥሮ ጋር ተቀላቅሎ ተሸሽጎ የነበረው ውሳኔ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

በሌላ በኩል አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት በየዳገቱ ይመላለሳሉ፤ እያረጁም ይሄዳሉ። ስለዚህ በመካኒክ ትምህርት ቤቶችና በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች፣ እግር ከወረደበት እስከ ጎማው መግፊያ ድረስ ያለው መንገድ ከነመዘግየቱ እንዲማሩት ብናደርግ ከብዙ ሳጥን ይሻላል እንላለን። በምህንድስና ክፍል ያሉ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያጐደልነውን ወይም ያሳሳትነውን ቢያርሙልን፣ በተለይም በከተማችን ከፍታ ላይ በልክ መሣሪያ ቢለኩትና ውጤቱን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡልን፣ ትችታችን ከአስተያየት ወደ ምርምር ለመሻገር ይችላል።